ለዓይንና ለጆሮ መጻፍ፦ የዎሌ ሶይንካ የመድረክና የራዲዮ ተውኔቶች

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች! ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. ለመድረክ የሚጻፍ ተውኔትና ለራዲዮ የሚጻፍ ድራማ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን መንገድ ትገልጻላችሁ፤
2. ጠቋሚ ቃላት በቃለ ተውኔት ውስጥ መቼ ተገቢ፣ መቼ እንቅፋት እንደሚሆኑ ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤
3. ለዓይን የተጻፈ አጭር ትዕይንትን ለጆሮ እንዲስማማ አድርጋችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።
1. በመድረክ ላይ አንድ ተዋናይ ምንም ሳይናገር እንባውን ቢጠርግ ተመልካቹ ይረዳዋል። ይኸው ድርጊት በራዲዮ ቢቀርብ አድማጩ በምን ያውቀዋል?
2. በአካባቢያችሁ የደወል፣ የከበሮ ወይም የጥሩንባ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ መልእክቱን የሚረዳበት ጊዜ አለን? መቼ?

ለ. ምንባብ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተውኔት ሰዎች ሲናገሩትና ሲሠሩት ሕይወት የሚያገኝ ጽሑፍ ነው። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ካልገባው ገጹን መልሶ ማንበብ ይችላል። የተውኔት ተመልካች ግን የተናገረውን ተዋናይ «እስቲ ድገምልኝ» ሊለው አይችልም። የራዲዮ አድማጭማ ይብስበታል፤ የሚያየው ነገር ስለሌለ ሁሉን ነገር በጆሮው ብቻ መረዳት አለበት። ስለዚህ ለሁለቱም የሚጽፍ ደራሲ አንዱን ታሪክ በሁለት መንገድ ማሰብ ይጠበቅበታል። በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን ከሠሩት አፍሪካውያን ደራስያን አንዱ የናይጄሪያው ዎሌ ሶይንካ ነው።

ሶይንካ በሐምሌ ወር 1934 በምዕራብ ናይጄሪያ፣ አቤኦኩታ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ እናቱ ደግሞ ነጋዴ ነበሩ። ያደገው በሁለት ዓለም መካከል ነው፤ በአንድ ወገን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የትምህርት ቤት ደወል፣ በሌላ ወገን የዮሩባ ሕዝብ ከበሮ፣ ተረትና የጭንብል ጭፈራ። በተውኔቶቹ ውስጥ ከበሮው፣ ዘፈኑና ምሳሌያዊ አነጋገሩ ከንግግሩ እኩል ቦታ የሚይዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ አንድ አጭር የራዲዮ ተውኔት ጽፎ በሐምሌ 1954 በናይጄሪያ ራዲዮ ተላለፈለት። ይህ ሲሆን ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ነበር። እንግዲህ የሶይንካ የተውኔት ሕይወት ከጀመረባቸው ደጆች አንዱ የራዲዮ ጣቢያ መሆኑን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ከዚያም ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮርት በተባለው ቴአትር ቤት የሚመጡለትን ተውኔቶች እያነበበ አስተያየት የመስጠት ሥራ ያዘ። ይህ ሥራ ለወጣት ደራሲ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበር። በወረቀት ላይ አምሮ የሚነበብ ንግግር ሁሉ በተዋናይ አፍ ሲገባ እንደማያምር ሥራው ራሱ ያስተምራልና።

በ1959 «አንበሳውና ዕንቁ» የተባለው ተውኔቱ በኢባዳን ለሕዝብ ታየ። ታሪኩ በአንዲት የዮሩባ መንደር የሚፈጸም ነው። ሲዲ የተባለችውን ቆንጆ ልጃገረድ ላኩንሌ የተባለ ወጣት መምህርና ባሮካ የተባለ ሽማግሌ የመንደር አለቃ ይሻሟታል። በዚህ ተውኔት ውስጥ የመንደሩ ወጣቶች አንድ እንግዳ ሰው በመኪና መጥቶ መንገድ እንደ ጠፋው በጭፈራ ያሳያሉ። አራት ልጃገረዶች የመኪናው አራት ጎማዎች ይሆናሉ፤ መምህሩም ሾፌር ሆኖ እንዲጫወት ይገደዳል። መኪናው የተሠራው ከሰው ገላና ከከበሮ ምት ነው። ይህን ትዕይንት ተመልካች ያየዋል፣ ይስቃልም። አሁን ግን ይኸው ትዕይንት በራዲዮ ቢተላለፍ ምን ይቀራል? የከበሮውና የሳቁ ድምፅ ይቀራል፤ ጎማ የሆኑት ልጃገረዶች ግን ይጠፋሉ። ትዕይንቱ ድንቅ የሆነው ለዓይን ስለ ተጻፈ ነው።

ሶይንካ በ1960 ወደ አገሩ ተመለሰ። ያ ዓመት ናይጄሪያ ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጣችበት ዓመት ነው። ለነጻነቱ በዓል «የደኖች ጭፈራ» የተባለ የመድረክ ተውኔት አቀረበ። በበዓል ቀን የሚጠበቀው ያለፈውን ዘመን የሚያሞግስ ሥራ ነበር። ሶይንካ ግን ሕያዋኑ ለበዓላቸው የተከበሩ አባቶች እንዲመጡላቸው ሲጠብቁ፣ ግፍ የተፈጸመባቸው ሙታን አቤቱታ ይዘው እንደ መጡ አድርጎ ጻፈ። መልእክቱም ያለፈውን ስሕተት ያልመረመረ ሕዝብ ነጻ ቢወጣም ያንኑ ይደግማል የሚል ነው። በዚሁ ዓመት አንድ ሰባኪ አባትና ልጁ ስለሚጋጩበት ሁኔታ የራዲዮ ተውኔት ጻፈ፤ ለቴሌቪዥንም ሌላ ተውኔት አቀረበ። በአንድ ዓመት ውስጥ መድረክን፣ ራዲዮንና ቴሌቪዥንን ሞከረ ማለት ነው።

ራዲዮ የጥበብ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሥልጣን መሣሪያም ነው። በ1965 በምዕራብ ናይጄሪያ የተደረገው ምርጫ ተጭበርብሯል በሚል ታላቅ ሁከት ተነሣ። የክልሉ መሪ የድል ንግግር በኢባዳን ራዲዮ ሊተላለፍ ሲል፣ አንድ መሣሪያ የያዘ ሰው ጣቢያው ገብቶ ንግግሩ የተቀዳበትን ክር በሌላ ክር አስለወጠ። ሶይንካ ይህን ፈጽመሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነገሩን ራሱ ተርኮታል። ድርጊቱን የሚደግፍም የሚነቅፍም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ወገኖች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም በአየር ላይ የሚሰማ ድምፅ የማን እንደሚሆን የሚወስን ሰው ታላቅ ኃይል በእጁ እንዳለው ነው።

በ1967 የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ሶይንካ ጦርነቱ እንዲቆም ለማግባባት ከተገንጣዩ ወገን መሪ ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ መንግሥት አሰረው። ሁለት ዓመት ያህል ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ለብቻው ተዘግቶበት ነው። ወረቀት ስለ ተከለከለ በመጻሕፍት መስመሮች መካከልና በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። በ1972 ያሳተመው «ሰውየው ሞተ» የተሰኘው መጽሐፍ የዚያ እስር ማስታወሻ ነው። ለብቻው የታሰረ ሰው ውጭውን የሚያውቀው ከሁሉ ይልቅ በጆሮው ነው፤ በእግር ኮቴ፣ በቁልፍ ድምፅ፣ ከግድግዳው ወዲያ በሚሰማ ሹክሹክታ። ይህን ነጥብ አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1975 የታተመው «ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ» የሶይንካ ስመ ጥር የመድረክ ተውኔት ነው። መነሻው በኦዮ ከተማ የደረሰ እውነተኛ ነገር ነው። በአገሩ ልማድ ንጉሥ ሲሞት የፈረሰኞቹ አለቃ ተከትሎት መሞት ይገባዋል፤ የእንግሊዙ አስተዳዳሪ ግን ሥርዓቱን ያስቆማል። ተውኔቱ ለመድረክ ቢጻፍም ጆሮን እንዴት እንደሚጠቀምበት ተመልከቱ። አስተዳዳሪው ከቤቱ ሆኖ የከበሮ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን አይገባውም። አሽከሩን ጠርቶ ይጠይቀዋል። አሽከሩም ምቱ አንዴ የታላቅ ሰው ሞት፣ አንዴ ደግሞ የታላቅ ሰው ሠርግ እንደሚመስል ይነግረዋል። ከበሮው በመድረክ ላይ አይታይም፤ ግን ከመድረኩ ውጭ ሆኖ ታሪኩን ይመራዋል። አገሩን የሚያስተዳድረው ሰው የአገሩን ድምፅ መስማት እንጂ መረዳት አለመቻሉን ተመልካቹ የሚያውቀው ያለ ማብራሪያ ነው። ለራዲዮ የጻፈ ደራሲ መድረክ ላይም ሲጽፍ ድምፅን እንደማይዘነጋ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሶይንካ በ1986 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። ከጥቁር አፍሪካውያን ይህን ሽልማት በሥነ ጽሑፍ ለመቀበል የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከሽልማቱ በኋላም ወደ ራዲዮ ተመለሰ። በ1991 በእንግሊዝ ራዲዮ «የእምቦጭ መቅሠፍት» ልንለው የምንችለው ተውኔቱ ተላለፈ። መነሻው በ1985 በናይጄሪያ የተፈጸመ የሞት ቅጣት ነው። በዚያን ጊዜ ወታደራዊው መንግሥት አደንዛዥ ዕፅን የሚመለከት አዋጅ አውጥቶ ወደ ኋላ እንዲሠራ አደረገው። ሦስት ወጣቶችም ድርጊቱን ሲፈጽሙት በሞት በማያስቀጣ ጥፋት በጥይት ተደበደቡ። በተውኔቱ ውስጥ እስረኞች በአንድ ክፍል ተዘግተው ፍርዳቸውን ይጠብቃሉ። ከእስር ቤቱ ውጭ ያለውን ውኃ እምቦጭ ሸፍኖታል። እኛም ይህን አረም በጣና ሐይቅ ላይ ባደረሰው ጉዳት እናውቀዋለን። መውጫ ሊሆን ይችል የነበረው ውኃ በአረሙ ምክንያት እንደ ግድግዳ ሆነ።

አሁን ቀደም ሲል አስታውሱት ያልነውን ነጥብ መልሱ። እስር ቤት ለራዲዮ ተውኔት እጅግ ተስማሚ ቦታ ነው። እስረኛው ከግድግዳው ወዲያ ያለውን አያይም፤ የራዲዮው አድማጭም አያይም። ሁለቱም የሚያውቁት የሚሰሙትን ብቻ ነው። ስለዚህ አድማጩ ከእስረኛው ጋር አብሮ የታሰረ ያህል ይሰማዋል። ሶይንካ ይህንኑ ታሪክ አስፋፍቶ በ1992 ለመድረክ አቀረበው። ያን ጊዜ ዘፈንና ጭፈራ ጨመረበት፤ እስረኞቹም የሚገዟቸውን ወታደሮች እየመሰሉ ሲያፌዙባቸው አሳየ። በራዲዮ ጠባብ የነበረው ክፍል በመድረክ ላይ የመላ አገሪቱ ምስል ሆነ። ታሪኩ አንድ ሲሆን አጻጻፉ ግን ሁለት ነው።

በ1994 ሶይንካ በወታደራዊው አገዛዝ ምክንያት ከአገሩ ተሰደደ። በ1997 በሌለበት በአገር ክህደት ተከሰሰ፤ የአገዛዙ መሪ ከሞተ በኋላ በ1998 ተመለሰ። ከዚያም ወዲህ መጻፉን አልተወም፤ በ2021 አዲስ ልብ ወለድ አሳትሟል። የሥራ ሕይወቱን በአንድነት ስንመለከተው መድረክና ራዲዮ የሚፎካከሩ ሁለት ሙያዎች እንዳልሆኑ እንረዳለን። መድረክ ሰዎችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ አብረው እንዲያዩ ያደርጋል። ራዲዮ ደግሞ ወደ ቴአትር ቤት ሊመጣ ወደማይችለው ሰው ቤት ድረስ ይሄዳል። ደራሲው የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ታሪክ ከዓይን ወይስ ከጆሮ ጋር ይስማማል?» ብሎ ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ቃለ ተውኔት፦ ገጸ ባሕርያት በተውኔት ውስጥ የሚናገሩት ንግግር።
የመድረክ መግለጫ፦ ተዋናዩ የሚያደርገውን ድርጊት፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚያመለክት፣ በቅንፍ የሚጻፍ ማብራሪያ። ተመልካቹ አያነበውም፤ አዘጋጁና ተዋናዩ ግን ይሠሩበታል።
የድምፅ መግለጫ፦ በራዲዮ ተውኔት ውስጥ ምን ድምፅ፣ ከሩቅ ወይስ ከቅርብ እንደሚሰማ የሚያመለክት ማብራሪያ።
መቅሠፍት፦ ድንገተኛና ከባድ መዓት።
በሌለበት፦ ተከሳሹ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ።

መ. ሰዋስው፦ ጠቋሚ ቃላት በቃለ ተውኔት

ይህ፣ ይህች፣ ያ፣ ያች፣ እነዚህ፣ እነዚያ፣ እዚህ፣ እዚያ የሚባሉት ቃላት አንድን ነገር ወይም ቦታ ያመለክታሉ። በቃለ ተውኔት ውስጥ አገልግሎታቸው ሁለት ዓይነት ነው።

1. በዓይን የሚታይን ነገር ማመልከት። ምሳሌ፦ «ያንን እዚያ ሥር አድርገው።» በመድረክ ላይ ተናጋሪው በጣቱ ስለሚያሳይ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። በራዲዮ ግን አድማጩ «ምኑን? የት?» ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በጠቋሚው ቃል ፋንታ ስሙ ይግባ፦ «ደብዳቤውን ከሰሌኑ ሥር አድርገው።»

2. ቀደም ሲል በቃል የተጠቀሰን ነገር ማመልከት። ምሳሌ፦ «ሽማግሌው አንድ በሬ ሸጡ። ያ በሬ የመጨረሻቸው ነበር።» እዚህ ላይ «ያ» የሚያመለክተው የሚታይ በሬን ሳይሆን አስቀድሞ የተነገረውን ስም ነው። አድማጩ ስሙን ሰምቶታልና አይቸገርም። እንዲህ ያለው ጠቋሚ በራዲዮም ይፈቀዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ አድማጩ አያይም በማለት ሁሉን ነገር በንግግር ማብራራት ሌላ ጉድለት ነው። «ይህን በግራ እጄ የያዝሁትን ጥቁር ጀበና አሁን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣለሁ» የሚል ሰው በሕይወት ውስጥ የለም። ቡና ሲቀዳ የሚሰማው ድምፅና «ጀበናውን አውርጅው፣ ፈላ» የሚል አጭር ቃል ይበቃል።

ሠ. የድርሰት ትምህርት፦ አንድ ትዕይንት በሁለት መንገድ

ለመድረክ፦

(ማታ። እሳቱ የጠፋ ምድጃ። ልጅቱ ደብዳቤ ታነባለች። ታናሽ ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጧል። አባትየው ከዘራቸውን ይዘው ከደጅ ብቅ ይላሉ። ልጅቱ ደብዳቤውን ከሰሌኑ ሥር ትሸሽጋለች። አባት የጠፋውን ምድጃ፣ ከዚያም ሰሌኑን ይመለከታሉ። ምንም አይናገሩም።)

ለራዲዮ፦

(ከሩቅ የከዘራ ድምፅ። ከቅርብ ወረቀት ሲታጠፍ ይሰማል።)
ወንድም፦ (በሹክሹክታ) እታለም፣ ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ ነው?
ልጅ፦ ቀስ በል። ሰሌኑን አንሣልኝ፣ ቶሎ! አባባ መጡ።
(የሰሌን ኮሽታ። የከዘራው ድምፅ ቀርቦ ከደጃፉ ላይ ይቆማል።)
አባት፦ ማን ነው የሚያንሾካሹከው?
ልጅ፦ እኔ ነኝ፣ አባባ። ይህ ልጅ እሳቱን እንዳይነካ እየነገርሁት ነው።
አባት፦ እሳቱማ ከጠፋ ቆየ።
(ዝምታ።)

ሁለቱን አነጻጽሩ። በመጀመሪያው ትዕይንት አንድም ቃል አልተነገረም፤ ታሪኩን የተሸከመው የአባትየው አመለካከት ነው። በሁለተኛው ግን ደራሲው አራት ነገሮችን አድርጓል። አንደኛ፣ የአባትየው አመጣጥ በከዘራው ድምፅ እየቀረበ እንዲሰማ አደረገ። ሁለተኛ፣ ኮሽታው ከመሰማቱ በፊት «ሰሌን» የሚለውን ቃል አስነገረ፤ ስም ያልተሰጠው ኮሽታ አድማጩን ግራ ያጋባልና። ሦስተኛ፣ የጠፋውን ምድጃ በአባትየው መልስ ውስጥ አስገባ፤ በዚህም መልስ አድማጩ ልጅቱ እንደ ዋሸችና አባትየውም እንደ ነቁባት በአንድ ጊዜ ያውቃል። አራተኛ፣ ዝምታን እንደ ቃል ተጠቀመበት። በራዲዮ ዝምታ የሚሰማ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን አድማጩ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋልና በልክ ይሁን።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ፦ በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. «አንበሳውና ዕንቁ» ውስጥ ያለው የመኪና ጭፈራ በራዲዮ ቢቀርብ የሚጠፋው ምንድን ነው? የሚቀረውስ?
2. በ«ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ» ውስጥ የማይታየው ከበሮ ስለ አስተዳዳሪው ምን ይነግረናል?
3. እስር ቤት ለራዲዮ ተውኔት ተስማሚ ቦታ ነው የተባለው ለምንድን ነው? ከደራሲው የእስር ዘመን ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
4. «ወደ ኋላ የሚሠራ አዋጅ» ሲባል ምን ማለት ነው? ፍትሕን የሚያጓድለውስ እንዴት ነው?

መልመጃ ሁለት፦ በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉትን ጠቋሚ ቃላት ለዩ። ለራዲዮ የማይስማሙትን አስተካክላችሁ ጻፉ፤ የሚስማሙትን ምክንያት ሰጥታችሁ ተዉአቸው።
1. እነዚያ እንዳያዩን በዚህ እንውጣ።
2. አያቴ ጋሻ ነበራቸው። ያንን ጋሻ ግን ማንም አልወረሰውም።
3. ይህን ውሰድና ለእሱ ስጠው።
4. ሦስት ቀን ዘነበ። በእነዚያ ቀናት ከቤት አልወጣንም።

መልመጃ ሦስት፦ የሚከተለውን የመድረክ መግለጫ ከዐሥር በማይበልጡ ንግግሮች ወደ ራዲዮ ተውኔት ለውጡት።
(ገበያ። አንዲት ሴት ከነጋዴው ድንኳን ፊት ቆማ ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ ትቆጥራለች። ይጎድላታል። ነጋዴው የመዘነውን ጤፍ ግማሽ ወደ ጆንያው ይመልሳል። ከኋላዋ የቆመች ጎረቤቷ ሳትናገር የጎደለውን ገንዘብ ከሚዛኑ አጠገብ ታስቀምጣለች።)

ስትጽፉ ይህን ጠብቁ፦ ጎረቤቲቱ «የጎደለውን ገንዘብ እኔ እከፍልሻለሁ» ብላ እንዳትናገር፤ ልግስናዋ በዝምታ የተሠራ ነውና። አድማጩ ይህን የሚያውቅበትን መንገድ ፈልጉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንድ ጓደኛችሁ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ አድርጉና ያነበባችሁለትን በራሱ ቃል ይተርክላችሁ። በትረካው ውስጥ የጎደለ ድርጊት ካለ የሚታረመው ጽሑፋችሁ ነው።